ባለ ጎማ ወንበር በማዕረግ ስለሚታደልበት የአውሮፕላን ማረፊያና ስለ አማቴ እግር

ለክቡር የመንገደኞች አቀባበል ሹም፤
በሥራ ገበታዎ ላይ ካሉ እዚያው፣ ከሌሉም በሚገኙበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ከጤናዎም በተለይ የእግርዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ ደረጃ ለመውረድ የሰው ጀርባ ሳያስፈልግዎ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ጠዋትና ማታ እመኝልዎታለሁ። ይህን የምመኘው ከልቤ ነው፤ እግርዎን ያመመዎ ዕለት የሚደርስልዎ የራስዎ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ እንዲያ ያለ ዕለት በጠላቴም ላይ እንዲደርስ አልሻም።

እኔ ዳኜ ገብረየስ እባላለሁ። ትውልዴ ቡልጋ ነው፤ ኑሮዬ ግን ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ በአምቦ መንገድ ዳር በምትገኘው ወፍጮ ቤቴ ነው። ማዕረግ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው፤ የመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች ሰውን ከማነጋገራቸው በፊት ማዕረጉን እንደሚጠይቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህንኑ ጉዳይ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ ነበር። መልስ ባጣ በአካል መጣሁ፤ ጸሐፊዎም ጉዳዩ ይታያል ብሎ በትሕትና ሸኘኝ። እስካሁን ያልታየው ጨለማ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ እነሆ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ይህ ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ በወፍጮ ቤቴ በር ላይ ተለጥፏል፤ እህሉን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ያነበዋል፣ ፊደል ያልቆጠረው ከቆጠረው ይሰማዋል፣ አማርኛው የከበደው በኦሮምኛ ይነገረዋል። የእኔ ወፍጮ ወረፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በአመጣጥ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጫል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓመት ለትንሣኤ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከመናገሻና ከቡራዩ የተሰባሰብን ተሳላሚዎች በአውሮፕላን ኢየሩሳሌም ደርሰን ተመልሰናል። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት መንገድ የተሳካላቸው እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው በኋላ ነው። ከእነሱ አንዷ አማቴ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ። የመናገሻ ሰው፣ የሟቹ የኦቦ ኩምሳ ባለቤት ናቸው። ከሁለት ክረምት በፊት ጭቃ አንሸራቷቸው ከወደቁ ወዲህ ዳሌያቸው አልዳነም፤ ሜዳ ላይ ሴት ብትደግፋቸው ጥቂት ይራመዳሉ፣ ደረጃ ግን አይሆንላቸውም። ባለቤቴ አጸደ ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ እሷ ሕፃን ታጠባ ስለነበር አብሬያቸው የሄድሁት እኔ ነኝ።

ስንሄድ ምንም እንከን አልነበረም፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። ኩሊዎችዎ አማቴን ባለ ጎማው ወንበር ላይ አስቀምጠው ከነወንበሩ ተሸክመው ደረጃውን አወጧቸው፤ ስንመለስም ያው ወንበር እንደሚጠብቃቸው ቃል ተገባልን። አማቴ ቃል ሲገባላቸው የሚያምኑ ሰው ናቸው። እዚያም ሳለን የሰበታዋ እማሆይ የሺወርቅና ሌሎቹ ሴቶች ግራና ቀኝ እየደገፏቸው የሚሳለሙትን ሁሉ ተሳለሙ፤ ስለ መመለሻው አንድ ቀን እንኳ ሲጨነቁ አላየሁም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ወንበሮቹ አደላደል። በተመለስንበት ዕለት ደረጃ መውረድ የማይችሉት ከአሥር ይበልጡ ነበር፤ የመጡት ወንበሮች ሦስት ናቸው። በቁጥሩ አልቆጣሁም። ወንበር በየትም ይጎድላል፤ ሦስቱም ተራ በተራ ቢመላለሱ ሁላችንንም ባዳረሱ ነበር። የማመሰግንዎ ግን ነጭ ጓንት ያጠለቀው ሠራተኛዎ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ሲያበቃ፣ መራመድ ያቃተው ማን ነው ብሎ በመጠየቅ ፈንታ ባለ ማዕረግ ማን እንዳለ ስለጠየቀ ነው። እስከዚያች ዕለት ድረስ የሰው ልጅ የሚታመመው በእግሩ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ አንድ ግራዝማች እጃቸውን አነሡ። ስማቸውን ለክብራቸው ስል እተወዋለሁ። እኚህ ሰው ኢየሩሳሌም ሳለን ከሁላችን ፊት ፊት ሲራመዱ የነበሩ፣ ያንን ሁሉ አቀበት ሲወጡ ለዕረፍት አንዴ እንኳ ቁጭ ያላሉ ናቸው። ነገር ግን ከአጥሩ ወዲያ ሕዝብ ቆሞ እንደሚጠብቅ በመስኮቱ አይተዋል። ድሮ ባለ ማዕረግ ከሩቅ አገር ሲመለስ በበቅሎ ተቀምጦ፣ አጃቢ አስከትሎ ነበር የሚገባው፤ ዛሬ ከተራው ሰው ጋር ተጋፍቶ በእግር መውረዱ አልዋጥ አላቸው መሰለኝ ወንበሩን እንደ በቅሎ አዩት። ወገባቸውን ያዙና አቃሰቱ።

ያ ወንበር ግን በዚያች ሰዓት አማቴ አጠገብ ደርሶ ነበር። አማቴ የእማሆይ የሺወርቅን ትከሻ ይዘው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ሊቀመጡ ተነሥተዋል። ሠራተኛዎ ግራዝማች ይቅደሙ ሲል፣ አማቴ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ገፋ አድርገው አሳለፉላቸው፤ ሲያቃስቱ ሰምተዋላ። ዋቃዮ ብለው ፈጣሪያቸውን በቋንቋቸው ከጠሩ በኋላ፣ እሱ ይማርዎ፣ የእርስዎስ ከእኔ ብሷል ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግራዝማችም አሜን ብለው ተቀመጡ።

ሁለተኛውን ወንበር የወሰዱት አንድ ባላምባራስ ናቸው። በእሳቸው አልፈርድም። አሞኛልም አላሉም፤ ግራዝማች በሰው ሸክም ወርደው እኔ በእግሬ ብወርድ ታች የቆመው ዘመዴ ምን ይለኛል ነው ያሉት። ሠራተኛዎ ሐሳቡ ወዲያው ገባው፤ ወንበሩንም አቀረበላቸው።

፪ኛ/ ስለ ሦስተኛው ወንበር። ይህኛው ለእኛ ለማዕረግ የለሾቹ ተርፎ ነበር፤ ሳንቀመጥበት ያመለጠንም በራሳችን ጠባይ እንደሆነ አልክድም። መጀመሪያ የቀረበው ለሱሉልታው ለኦቦ ሞቱማ ነው። ሁለት እግራቸው ያበጠ ሽማግሌ ናቸው፤ ሴት ቆማ እኔ አልቀመጥም ብለው ወደ አማቴ አሳለፉት። አማቴ ደግሞ መነኩሲት ቆማ አይሆንም ብለው ለእማሆይ የሺወርቅ ሰጡ። እማሆይ እኔ ዓለምን የተውኩ ነኝ፣ ለዕድሜ ታላቅ ይሰጥ አሉና ወደ ኦቦ ሞቱማ መለሱት። እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም በሞቴ እርስዎ ሲባባሉ ወንበሩ በመቀመጫዎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ቢለመን ይቀመጣል፣ ካልተለመነ ቆሞ ያድራል። ከመካከላቸው የአንዱን ክንድ ይዞ በሉ ይቀመጡ የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እኔ እንዳልለምን ከተለማማኞቹ አንዷ አማቴ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ድምፄን ከፍ አላደርግም።

ሠራተኛዎ ግን ሰዓቱን አየና ፈላጊ የሌለው ወንበር መሰለው። አስወጥቶ የግራዝማችን ሻንጣ አስጫነበት። በመስኮቱ አየሁት፤ ሻንጣው ደገፍ ብሎ በደንብ ተቀምጧል። ለሻንጣው ስለተደረገው እንክብካቤ ከልብ አመሰግናለሁ።

፫ኛ/ ስለ ዘበኛዎ ጥንቃቄ። ሌሎቹን ሕመምተኞች የየራሳቸው ዘመዶች፣ ኦቦ ሞቱማንም ከታች የተጠሩ ሁለት የወንድማቸው ልጆች መጥተው አዝለው አወረዷቸው። እማሆይ የሺወርቅ ሰው ማስቸገር ስለማይወዱ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ፤ ከኢየሩሳሌም የመጣ የምንኩስና ቀሚሳቸው የደረጃዎን አቧራ እስከ ታች ጠርጎታል። እኔም የኦቦ ሞቱማን ወንድም ልጆች ተመልሰው አማቴን እንዲያወርዱልኝ ለመንኋቸው። ጎበዞቹ እሺ ብለው ሲመለሱ ዘበኛዎ የሕመምተኛዋ ዘመድ ካልሆናችሁ ደረጃውን መውጣት አይፈቀድም ብሎ አገዳቸው፤ የአማቴ የሥጋ ዘመድ ሆና የመጣችው ደግሞ ሕፃን የታቀፈችው አጸደ ብቻ ነበረች። ኩሊዎቹ የት ሄዱ ብዬ ብጠይቅ ሻንጣ ላይ ናቸው፣ ወንበሮቹስ ብል ባለ ማዕረጎቹ መኪናቸው ዘንድ ሳይደርሱ አይለቀቁም ተባልሁ። አማቴም ባዶ አውሮፕላን ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ቀሩ፤ እኔ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምሁ።

ሠራተኛዎ ያኔ ወደ እኔ ዞሮ፣ አብረሃት የመጣህ ወንድ አንተ አይደለህም ወይ፣ አዝለህ አውርዳት እንጂ አለኝ። አማች ነኝ አልሁት። አማች ሰው አይደለም ወይ አለኝ።

፬ኛ/ ክቡር ሆይ፣ አማች ምን እንደሆነ ላስረዳዎ። በአማቴ ወገን ልማድ አማትና አማች ይፈራራሉ። አማት በአማቿ ፊት አትበላም፣ ፊቷን ገልጣ አትቀመጥም፤ አማችም የአማቱን ስም በአፉ አይጠራም፣ እጁም አይነካትም። ስማቸውን ያልጻፍሁት ለዚህ ነው። እኔ የቡልጋ ልጅ ስሆን መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ኋላ ግን ከዚህ የበለጠ መከባበር የትም እንዳላየሁ ገባኝ። ከአጸደ ጋር ከተጋባን አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው፤ በእነዚህ ዓመታት የአማቴን ፊት በወጉ አይቼው አላውቅም። የምንነጋገረው በግድግዳ ነው። ከደጅ ስገባ ከጓዳ ሆነው፣ ሶዳ እንዴት ዋሉ ይሉኛል፤ ሶዳ በእሳቸው ቋንቋ አማች ማለት ነው። እኔም ግድግዳውን እያየሁ እመልሳለሁ። የከፋኝ ቀን ከሚስቴ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ከድምፄ ይለዩታል። እናቴን የቀበርሁ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው አብረውኝ አለቀሱ። አንድ ቀን ተቀያይመን አናውቅም።

በጉዞው ላይ ግድግዳችን እማሆይ የሺወርቅ ነበሩ። አውሮፕላኑም ውስጥ በመካከላችን የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ደረጃውን ደግሞ ያ ወንበር ይሸፍንልን ነበር። ለእርስዎ መሥሪያ ቤት ጎማ ያለው ዕቃ ይሆናል፤ ለእኛ አማቴ ክብራቸው ሳይነካ መሬት የሚረግጡበት ብቸኛው መንገድ እሱ ነበር።

አማቴ በሶዳ ጀርባ ከምወርድ እዚሁ ልቀመጥ አሉ። ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ። ሠራተኛዎ አውሮፕላኑ ሌላ ጉዞ እንዳለው ደጋግሞ አስታወቀን። በመጨረሻ አማቴ የመቀመጫዎቹን ጫፍ እየያዙ ብቻቸውን ወደ በሩ ሄዱ፤ እንዳልጠጋቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ሁለት ደረጃ ረገጡ። በሦስተኛው ዳሌያቸው ከዳቸው፤ ያዝኋቸው። ባልይዛቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው የመርዶ ወረቀት ይሆን ነበር። አንዴ ከያዝኋቸው በኋላ ደግሞ መመለሻ አልነበረም፤ አዘልኋቸው።

ከአጥሩ ወዲያ የቆመው ዘመድ ተሳላሚዎቹን አንድ በአንድ በእልልታ ይቀበል ነበር። እኔ አማቴን አዝዬ ብቅ ስል እልልታው ተቋረጠ። ክቡርነትዎ በመካከል የተቋረጠ እልልታ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ባለቤቴ ሕፃኑን ታቅፋ ከፊት ቆማ ነበር፤ ስታየን ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። የመናገሻ ጎረቤቶቻቸው መሬት መሬቱን አዩ። አማቴ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው ጀርባዬ ላይ፣ ሞቼ ባወረዱኝ ይሉ ነበር። ኢየሩሳሌምን ያህል ቦታ ተሳልመው አገራቸው የገቡት እንዲህ ሆነው ነው። እኔም የዚያን ዕለት የተቆጣሁት ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ የሚያዩት ትሕትና ሁሉ ከእሱ የተቀዳ ነው።

፭ኛ/ ስለ ጸሐፊዎ ትጋት። በአካል ቀርቤ ይህንኑ ሳስረዳው ጸሐፊዎ ብዕሩን አንሥቶ የአማቴን ማዕረግ ጠየቀኝ። የላቸውም አልሁ። የባላቸውን ጠየቀኝ፤ ገበሬ ነበሩ አልሁ። የአባታቸውን ጠየቀኝ፤ እሳቸውም ገበሬ ነበሩ አልሁ። ብዕሩን አስቀመጠና፣ ታዲያ በሰላም ከወረዱ ምን ጎደለ አለኝ።

ምን እንደጎደለ ልንገርዎ። በእርጅናቸው እኛ ዘንድ እንዲጦሩ ቡራዩ ለአማቴ ክፍል አሠርቼ ነበር፤ ግድግዳውን ሳይቀር ድምፅ እንዲያሳልፍ ሳሳ ያለ እንዲሆን ለአናጢው ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን አልገቡበትም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ መናገሻ ወደ ቤታቸው ተወሰዱ፤ ለመመለሳቸው የተደገሰውም ድግስ ባለቤት አጥቶ ለጎረቤት ታደለ። በየሰንበቱ እሄዳለሁ። ከግድግዳው ወዲህ ቆሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ከወዲያ መልስ የለም፤ ሲተነፍሱ ብቻ ይሰማኛል። አልተቀየሙኝም፤ አፍረው ነው። ፊታቸውን ድሮም አላውቀውም፤ የማውቀው ድምፃቸውን ነበር። የወሰዳችሁብኝ እሱን ነው።

የምጠይቀው ካሳ የለም። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ይዞ የተበደለው ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ክቡርነትዎ መናገሻ ድረስ መጥተው በአማቴ ግድግዳ በኩል፣ ሶዳዎ ሊነካዎ አልፈለገም፣ ያስነካሁት እኔ ነኝ፣ ኀፍረቱ የእኔ ይሁን ብለው እንዲነግሯቸው በትሕትና እለምንዎታለሁ። ከሌላ ሰው አይቀበሉም፤ ጥፋቱ ከራሱ ከባለቤቱ አፍ መሰማት አለበት። ኦቦ ሞቱማ እግራቸው እንዳበጠ ሽማግሌ ሆነው ሊቀመጡ ፈቅደዋል። ድንጋዩ ቢከብድዎ፣ ወይም አቀበቱን በእግር መውጣት ከማዕረግዎ ጋር ባይሄድ፣ ከሦስቱ ወንበሮች በአንዱ ተቀምጠው ድንጋዩን በጭንዎ ላይ ይዘው ይምጡ፤ ከአምቦ መንገድ እስከ ቤታቸው ድረስ እኔ ራሴ እየገፋሁ አደርስዎታለሁ። ሲመለሱ ግን ወንበሩን እዚያው ቢተዉት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም መሄጃ ይሆናቸዋል።

ከወፍጮው ዱቄት በቀር የክብር ልብስ የሌለኝ፣ ጀርባዬ ለአማት እንጂ ለሻንጣ የማይታዘዝ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ለክቡርነትዎ እግር ጤና እየተመኘሁ እጅ የምነሣ፤

ዳኜ ገብረየስ
የቡራዩ ባለ ወፍጮ
ግንቦት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፤
ለወፍጮ ቤቴ በር፤
ለግራዝማች፣ ከሻንጣቸው ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፤ አንድ ነገር ልዘነጋ ነበር። ያን ዕለት አማቴን አዝዬ በመኪናዎቹ አጠገብ ሳልፍ፣ ግራዝማች ከባለ ጎማው ወንበር ተነሥተው፣ ኩሊው ዘገየብኝ ብለው ያንን ሻንጣ በገዛ ትከሻቸው አንሥተው መኪናው ጣራ ላይ ሲጭኑት አይቻለሁ። አማቴ ፊታቸውን ስለሸፈኑ አላዩም። እማሆይ የሺወርቅ እንደነገሩኝ አማቴ ዛሬም በየማለዳው ጧፍ እያበሩ የመናገሻዋን ማርያም የሚለምኗት ለእኚያ በሽተኛ ሰውዬ ነው፤ የእሳቸው ወገብ እስኪድን ድረስ ስለ ራሴ ዳሌ አልለምንሽም ብለው ተስለዋል። እዚያም ግራዝማች ቀድመዋቸዋል ማለት ነው። ያየሁትን እንድነግራቸው አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ የግራዝማች ወገብ መዳኑን በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም አረጋግጠው ይጻፉልን፤ አማቴም ለራሳቸው የሚለምኑበት ተራ ይድረሳቸው።